የኮከቡ ልክ

«እንዳትነግሯት ብሎ አስምሎናል እኮ። አሁን ማን አፉን ሞልቶ ይንገራት?»

መምህሯ የሻይ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ እንደያዘች ማድ ቤቱ በር ላይ ቀጥ አለች። የሚያንሾካሽከው እሷና ባሏ የሚሠሩበት የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ኃላፊ ነው። አጠገቡ የቴሌስኮፑ ቴክኒሻን አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። የሞተው ባሏ ነው፤ ያስማለውም እሱ መሆን አለበት፤ እንዳይነገራት የተባለችውም ሌላ ማን ትሆናለች፣ እሷው ናት።

ትሪውን ፊታቸው አስቀመጠች።

«ምኑን ነው የማትነግሩኝ?»

ኃላፊው ደነገጠ። «ኧረ ምንም… የሥራ ነገር ነው።»

«የሥራ ነገር ከሆነማ የኔም ነው።»

የተነፈሰው ቴክኒሻኑ ነው። «የፕላኔታችሁ ኮከብ ብቻውን አይደለም። ከጀርባው ሌላ፣ ቀዝቀዝ ያለ ኮከብ ተደብቋል። ባልሽ ሙቀቱን እንደገና ሲለካ ነው ያገኘው።»

«መቼ?»

«ቆይቷል።»

«ማን ማን ያውቃል?»

ሁለቱም ብርጭቆ ብርጭቋቸውን አዩ። ሁሉም ያውቃል ማለት ነው።

ባሏን ጎረቤት ሁሉ «ለኪው» ነበር የሚለው። የሻዩን ስኳር ይለካል፣ የሰው ቤት በር ይለካል፣ ሶፋ ሊገዛ ሄዶ ሻጩን አስለቅሶ ይመለሳል። እንጀራው ግን ፕላኔት የሚዞራቸውን ኮከቦች ስፋትና ሙቀት መለካት ነበር። የእሷ ሥራ ከዚያ ይቀጥላል። ፕላኔት በኮከቡ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ በጥቂቱ ይደበዝዛል፤ የኮከቡ ልክ ከታወቀ የፕላኔቷም ልክ ከዚያ ይወጣል። እሱ ከተሳሳተ እሷም አብራው ገደል ገባች። ለዚህ ነው ሁልጊዜ የምትጠይቀው።

«ልኩ ልክ ነው?»

«ልክ ነው» ይላታል፤ ይስቃሉ።

ልጅ አልወለዱም። ያቺን ፕላኔት ያገኙ ዕለት፣ ድንጋያማ፣ ለብ ያለች፣ የኛን ዓለም የምታክል ናት ብለው የጨፈሩ ዕለት፣ «ልጃችን» ያላት እሱ ነው። ከወለሉ እስከ ደረቷ የሚደርስ ክብ ቢጫ ወረቀት ቆርጦ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ያ ኮከቡ ነው። ከሸሚዙ ላይ ትንሽ ጥቁር ቁልፍ በጥሶ ክቡ ላይ በሙጫ አጣበቀ፤ ያቺ ደግሞ ልጃቸው። እሷም ከአዳራሽ አዳራሽ እየዞረች ስለዚህች ልጅ ስታስተምር ዕድሜዋን ፈጀች።

አሁን ነገሩን ለማስላት ወረቀት አላስፈለጋትም። የሁለት ኮከቦች ብርሃን እንደ አንድ ተቆጥሮ ድብዘዛውን አሳንሶታል። ፕላኔቷ ካሰቡት በጣም ትልቅ ናት፤ የጋለ ጋዝ እንጂ እግር የሚያሳርፍ መሬት የላትም። ይህስ ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል። እሷን ያንገበገባት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያጨበጭቡላት የነበሩት እነዚሁ ሰዎች መሆናቸው ነው። ሲያዝኑላት ኖረዋል ለካ! እሱም መሀላቸው ተቀምጦ ያጨበጭብ ነበር። ቢወሽምባት ይሻላት ነበር፤ ውሽማ ብትሆን ስሟን ጠርታ ትሰድባት ነበር።

ለቀስተኛው ሲሳሳ የባሏ ታላቅ እህት ካፖርቱን በክንዷ አንጠልጥላ መጣች።

«አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይወጣልሻል። እንዲያ ያለ ደግ ባል…»

«ደግነቱ ነው ያቃጠለኝ፣ እትዬ።»

እህትየው ሰማች እንጂ አልገባትም። «ይህን ለሰው ብንሰጠውስ? ደህና ካፖርት ነው፤ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል እንጂ።»

መምህሯ ካፖርቱን ነጠቀቻት። ባለፈው ብርድ ስለዚህ ቁልፍ ጨቅጭቃው ነበር። «ጠፋብኝ» አላት። ስኳር የሚለካ ሰው ቁልፍ ጠፋብኝ ሲል እንዴት አመነችው? ኪሱን ፈተሸች። ከውስጠኛው ኪስ ጥግ እጇ ላይ ገባ፤ ትልቅ፣ ጥቁር ቁልፍ። ጀርባው ላይ ሙጫ ደርቆበታል።

ወደ ግድግዳው ሄዳ ከትንሿ ቁልፍ ጎን አስጠጋችው። የእውነተኛዋ ፕላኔት ልክ ነው። ሙጫ ቀብቶ እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያ እጁ እምቢ ብሎት ኪሱ ከተተው።

«አንተ ፈሪ» አለችው፣ ጮክ ብላ።

ትንሿን በጥፍሯ ፈንቅላ አነሳች። ሙጫ ፈልጋ ትልቁን በቦታው ለጠፈችና እስኪደርቅ በአውራ ጣቷ ይዛው ቆመች። ከዚያ ቁጭ ብላ መርፌና ክር አወጣች፤ የሸሚዙን ቁልፍ ካፖርቱ ላይ፣ የጎደለው ቦታ ትሰፋት ጀመር።

«ምነው ልጄ፣ ትንሽ ናት እኮ፤ አትይዝም» አለች እህትየው።

«አውቃለሁ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቆለፈችው። ቁልፏ ከሰፊው ቀዳዳ ሾልካ ወጣች። እንባዋ ያኔ መጣ። በእጇ ጀርባ ጠረገችና ደግማ ቆለፈችው።