ውሃ ማሳየት

ዱሬቲ ባዶውን ቱቦ ተሸክማ የእሳት አደጋ ጣቢያውን ግቢ ስትዞር ዱጋሳ ከውሃ መኪናዋ ጥላ ሥር ቆሞ እንከን ይፈልግባት ነበር። እስካሁን አላገኘም፤ ይኼ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

ነገሩ ከመነሻውም አልጣመውም። ባለፈው ክረምት በመዋቅር ሰበብ ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ግማሹ ተቀነሱ። ፉፋም ተቀነሰ። ዱጋሳ የቱቦውን አፍ ይዞ እሳት ውስጥ ሲገባ፣ ውሃው ገፍቶ እንዳይጥለው ስንት ዓመት ሙሉ ከጀርባው ቆሞ የደገፈው ፉፋ ዲፕሎማ የለህም ተብሎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ያው ጣቢያ ሰው አጠረኝ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። የአምቦ ጎረምሳ በዚያ ደመወዝ ከመቃጠል ባጃጅ መንዳት ይሻለዋል፤ ማስታወቂያውን ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ የመጣ አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ብቻ ብቅ አለች፤ ዱሬቲ፣ ባለዲፕሎማ፣ ከካቺሲ ከተማ። ኃላፊው ኦቦ ባይሳም የካቺሲ ሰው ናቸው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ! ዱጋሳ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

የልጅቷ የሙከራ ጊዜ ዛሬ ያበቃል። ፈታኟ ራሱ ዱጋሳ ነው። "ከወደቀች ሌላ ሰው የለኝም፤ ፉፋን በልምዱ እመልሰዋለሁ" ብለውታል ኦቦ ባይሳ። ዱጋሳ ይህንንም ቢጠራጠር ለፉፋ ከመንገር አልተመለሰም። ፉፋም ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይደውላል።

ስለዚህ ዱጋሳ አንዲት ነገር ደበቃት። ከዓመታት በፊት ገበያው ሲቃጠል መኪናዋ ውሃ ሳትይዝ ባዶዋን ደርሳ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ የከተማው ሰው አያምናቸውም። ሠራተኞቹም ቃጠሎ ቦታ እንደደረሱ፣ ከሁሉ በፊት ቱቦውን ወደ ሰማይ አቅንተው ውሃ መኖሩን ለሕዝቡ ያሳያሉ። ይህ በየትኛውም ሥልጠና ላይ የለም፤ ካልተደረገ ግን ድንጋይ ይዘንባል።

የጣቢያው ስልክ ጮኸ። በጉደር መውጫ ያለ ጣውላ ቤት እየተቃጠለ ነበር።

"ዛሬ የቱቦውን አፍ አንቺ ትይዣለሽ" አላት መኪናዋ ውስጥ።

"እኔ? እሺ፣ ኦቦ ዱጋሳ።" ደስ አላት። ደስታዋ ወጋው።

ሲደርሱ ነበልባሉ ጣሪያውን በልቶ ወደ ጎረቤት ሱቆች እያዘነበለ ነው። ዱሬቲ ቱቦውን እየጎተተች በቀጥታ ወደ እሳቱ ሮጠች። ወደ ሰማይ ቀና እንኳን አላደረገችውም።

"ለምን አይከፍቱትም?" አለ ከተሰበሰበው ሰው አንዱ።

"ቢሻን ሂንቀብዱ! ውሃ የላትም!" ሌላው ጮኸ።

ሕዝቡ ተንጫጫ። ዱጋሳ አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። አልተናገረም። የመጀመሪያው ድንጋይ የመኪናዋን መስታወት አረገፈው። ሁለተኛው ልጅቷን ትከሻዋ ላይ መታትና በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ቱቦውን ግን አለቀቀችም።

ዱጋሳ እንድታፍር እንጂ እንድትሞት አልፈለገም። ሮጦ ከጀርባዋ ቆመና ትከሻውን አስደገፋት።

"ወደ ላይ! መጀመሪያ ወደ ላይ ልቀቂው!"

ውሃው ወደ ሰማይ ወጥቶ በሕዝቡ ላይ ወረደ። ድንጋይ ያነሳው ሁሉ ጥሎ ባልዲ ፍለጋ ተሯሯጠ። ጣውላ ቤቱ አልተረፈም፤ ሱቆቹ ግን ተረፉ።

ጣቢያ ሲመለሱ ኦቦ ባይሳ የተሰበረውን መስታወት አይተው ደማቸው ፈላ።

"ውሃ ሳታሳዩ ነው የገባችሁት? ማነው ይህን ያደረገው?"

ዱጋሳ አፉን ሳይከፍት ዱሬቲ ቀደመችው። "እኔ ነኝ። ኦቦ ዱጋሳ ነግረውኝ ነበር፤ ደንግጬ ረሳሁት።"

ዱጋሳ ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ውለታ ልታስቆጥርበት ይሆን?

"ለምን ዋሸሽ?"

"ታዲያ ሆን ብለው ደበቁኝ ልበል?" ትከሻዋን እያሻሸች ነበር። "ነገም እሳት ውስጥ የምገባው ከእርስዎ ጋር ነው።"

"ኦቦ ባይሳ ምንሽ ናቸው?"

"የአባቴ ጎረቤት ነበሩ።"

"ያ ብቻ?"

"ያ ብቻ። አላመኑኝም አይደል?"

"አላመንኩሽም" አላት እውነቱን።

"ዱጋሳ!" ኦቦ ባይሳ ተጣሩ። "እንግዲህ ወድቃለች ማለት ነው?"

ዱጋሳ ፊታቸውን አጠና። የዘመድ ድንጋጤ ፈለገ፤ አየሁት ሲል ጠፋው። በኪሱ ስልኩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ፉፋ ነው። አንድ "አዎ" ብቻ ጓደኛውን ይመልሰዋል። ልጅቷን ተመለከታት። የተናገረችውን የምትሽር አትመስልም።

"አልፋለች" አለ። "የውሃውን ነገር አልነገርኳትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መስታወቱንም ከደመወዜ ቁረጡ። ከነገ ጀምሮ ከእኔ ጀርባ ትመደብ።"

"የፉፋ ቦታ ላይ?"

"አዎ።"

ከዚያ ወደ በሩ ወጣና ስልኩን አነሳ።

"ፉፋ፣ ቦታህ ተይዟል። ከሌላ ሰው ሳትሰማ ከእኔ ስማው፤ ለልጅቷ የሰጠሁት እኔ ነኝ።"