አንድ እጅ ከኋላ

«ቴሌቪዥኑን ከዚህ አውጡልኝ!» አሉ ሸህ አብዱልመጂድ ገና ከደጃፉ። «ለቅሶ ቤት ምን ሊታይበት ነው?»

«ሸኽዬ፣ የኮምፒውተር ሞኒተር ነው» አለ ቶፊቅ። ጀርባው እንደ ሣጥን የወጣ፣ የድሮ፣ ከባድ ሞኒተር በሟቹ ፍራሽ ራስጌ ተቀምጧል።

«መስተዋት ያለው ሁሉ አንድ ነው።»

«የሰው አማና ነው፣ አደራ፣ ሸኽዬ» አለች ኢልሃም ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከሴቶቹ መሀል። «ወንድሜ ሊጠግነው የተቀበለው።»

አማና ከተባለ ምን ይባላል። ሸሁ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡና ተምር አነሱ።

ወንድሟ ሙሐመዲን፣ ሩሰይፋ ሰፈር አንድ ጣራ ላይ ሲሚንቶ ሲሸከም ፀሐይ ጥሎት ነው የሞተው። ነካሳ ሰፈር ያለችው ጠባብ ክፍል፣ ከቶፊቅ ጋር ይኖሩባት የነበረችው፣ ይኸው ሦስተኛ ቀኗ ሰው እስከ ደረጃው ሞልቷት።

«የኢቃማ ወረቀት የሌለው ልጅ፣ ሹመይሲ እስር ቤትን ሲሸሽ ኖሮ ሐረም መስጊድ ተሰገደበት» ይላል አንዱ በሹክሹክታ። «ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?»

መኖር ነዋ፣ አለ ቶፊቅ በሆዱ።

የሞኒተሩ ባለቤት አዲል የሚባል ሱዳናዊ ጥልፍ ሠሪ ነው። የጥልፍ መኪናው አሮጌ ኮምፒውተር ሌላ ስክሪን አይቀበልም። ትናንት ለቅሶ ደረሰ፤ ስለ ዕቃው አንዲት ቃል አላነሳም። ሲወጣ ብቻ «ሙሳመህ፣ ይቅር ብዬዋለሁ» አለ። ኢልሃም ግን አላረፈችም። ነገ ጠዋት ጅዳ፣ የምትሠራበት ማዳሟ ቤት ትመለሳለች።

«ሠርቼ እመልስልሃለሁ ብሎታል» አለችው ከዙህር ሰላት በኋላ፣ ሰው ሲሳሳ ከመጋረጃው ወጥታ። «ቃሉ ሜዳ ላይ ይቅር? አንተ ሲሠራ ታየው ነበር እኮ፣ ቶፊቅ።»

ማየትስ አይቷል። ከሥራ ሲገቡ ሙሐመዲን የጀርባ ክዳኑን ይፈታ፣ ቶፊቅ የስልኩን መብራት ይይዝለት ነበር። ሲያበራው መስተዋቱ መሀል ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር ብቻ። ጎኑን በመዳፉ መታ ሲያደርገው ብርሃኑ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘረጋና ተመልሶ ይታጠፋል።

«አየህ? ሲመቱት ከበራ አልተቃጠለም። አንድ ቦታ ብየዳው ተሰንጥቋል።»

ሙሐመዲን ሲሠራ ግራ እጁን ምንጊዜም ከወገቡ ኋላ ያደርጋል።

«መኮንን ሆንክብን እኮ!» ይለዋል ቶፊቅ።

«ሳቅ! በሁለት እጅ ከነካኸው ኤሌክትሪኩ በልብህ ነው የሚያልፈው። ሁለት እጅ ለዱዓ ነው፣ ወንድምዬ፤ እዚህ አንዱ ይበቃል።»

አሁን ቶፊቅ ሶኬቱን ነቀለ። ክዳኑን ፈታ። በሽቦ ከሞኒተሩ ብረት ጋር የታሰረውን ካቻቢቴ አነሳ።

«ነቅለኸው የለ? ምን ያስፈራሃል?» አለች ኢልሃም።

«ቢነቀልም ኤሌክትሪኩን ሆዱ ውስጥ ያቆየዋል።»

ግራ እጁን ከኋላው አድርጎ የካቻቢቴውን ጫፍ ከመስተዋቱ ጀርባ ካለው የጎማ ቆብ ሥር አስገባ። ጧ! የቀረው ኤሌክትሪክ ወጣ። ኢልሃም አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከዚያ ፍለጋ ሆነ። ብዙ ቆይቶ፣ በአንዲት ቀጭን የብረት እግር ዙሪያ ፀጉር የምታክል ክብ ስንጥቅ አየ። የብየዳ ካውያውን አግሎ ሊዱን አቀለጠባት። ክዳኑን ገጠመና አበራው።

መስመሯ መጣች። ኢልሃም ዓይኗን ጨፈነች። መስመሯ ግን ወፈረች፤ ላይና ታች ሄደች፤ መስተዋቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ቶፊቅ በልማድ መዳፉን አንስቶ ነበር፤ መምታት አላስፈለገም።

አሱር ሰላት ላይ ሲጠሩት አዲል መጣ። ሸህ አብዱልመጂድም ለመዝጊያው ዱዓ ተመልሰዋል፤ ከበራው ነገር አጠገብ ተቀመጡ። አዲል የሞቀውን መስተዋት በጣቱ ነካ አደረገ።

«ማሻአላህ። ማነው የሠራው?»

ቶፊቅ አፉን ሊከፍት ሲል ኢልሃም ቀደመችው።

«ሙሐመዲን።»

አዲል አንገቱን ደፋ። ሸሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሉ፣ ዱዓ እናድርግለት።»

እጅ ሁሉ ተነሳ። ቶፊቅም ቀኝ መዳፉን ዘረጋ። ግራው ገና ከወገቡ ኋላ ነበር። ቀስ ብሎ ወደ ፊት አመጣውና ከቀኙ አጠገብ ገጠመው።