የሳሕራ ክንድ

ሽታዬ ከአዲስ አበባ በባቡር ድሬዳዋ የወረደችው በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ስትማር ቆይታ፣ የብሔራዊ አገልግሎት ዓመቷን ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ክሊኒክ እንድታሳልፍ ተመደበች። የክሊኒኩ ኃላፊ ጤና መኮንን ቡልቻ የሳይኮሎጂ ተማሪ ሲላክላቸው የመጀመሪያቸው ነበር። ምን እንደሚያሠሯት ግራ ቢገባቸው ከምርመራ አልጋው አጠገብ ወንበር አኖሩላት።

«መጀመሪያ እኔ የበሽተኛውን ገላ ልየው። ሕመሙን ያጣሁበትን በሽተኛ ላንቺ እሰጥሻለሁ» አሏት።

ሳሕራን የሰጧት እንዲህ ነው። ሳሕራ ቀፊራ ገበያ ወተት ትሸጣለች። ቀኝ ክንዴ ዛለ፣ ዕቃ ማንሳት አቃተኝ ብላ መጣች። ቡልቻ አገላብጠው ቢያዩት አጥንቱም ጅማቱም ደህና ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?» አለች ሽታዬ።

«አቦ፣ አንቺ በይኝ! እዚህ አገር እርስዎ የለም» ብላ ሳሕራ ሳቀች። ሌላ ነገር አልወጣትም።

«ምን ብዬ ልጠይቃት?» አለች ሽታዬ በኋላ።

«አትጠይቂያት፤ አብረሻት ቁጭ በይ» አሉ ቡልቻ።

አንድ ቀን ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሮ፣ ሽታዬና ሳሕራ አብረው እንደተቀመጡ ደርቆ የከረመው ደቻቱ እያገሳ መጣ። ሳሕራ ክንዷን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«በግራዬ ልጄን ሑዳን፣ በቀኜ ወተቱን ይዤ ነበር» አለች። «አሸዋው መሃል ስንደርስ ጎርፉ መጣ። ልጄ ከእጄ አመለጠች። ወተቱን ለምን አልጣልኩም? ወላሂ፣ ለምን?»

ሽታዬ «ጥፋትሽ አይደለም» ማለቱን ተወችው። ጎርፉ እስኪያልፍ ክንዷን ይዛላት ተቀመጠች።

«ምሥጢሩን አገኘሁት፤ አሁን ትድናለች!» አለቻቸው ቡልቻን። እሳቸው ቀጣዩን በሽተኛ ጠሩ።

ሳሕራ ግን ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ጎረቤቷ ዛምዛም፣ «ወንዙን ማየት አልችልም ብላ ቢዮ አዋሌ መንደር ወንድሟ ዘንድ ሄደች» አለች።

ሽታዬ ቅዳሜ በጭነት መኪና ተሳፍራ ሄደች። ሳሕራን በር ላይ ቆማ አገኘቻት፤ ክንዷ ያው እንደ ተንጠለጠለ ነው።

«ልታድኚኝ መጣሽ?»

«አይደለም፤ ልጠይቅሽ ነው።»

ተቀመጡ። ሳሕራ ስለ ጎርፉ አላነሳችም፤ ስለ ሑዳ ነገረቻት፦ ግመል ባየች ቁጥር እንዴት ትስቅ እንደነበር፣ ፀጉሯን ሲሠሯት እንዴት ታለቅስ እንደነበር። እያወራች መሸባት።

የሳሕራ ክንድ ከዚያም በኋላ አልዳነም። ሽታዬ ያን ዕለት ስትመለስ እስከ ድሬዳዋ ድረስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ለሑዳ አለቀሰች።