ከተቃጠለው ሎኮሞቲቭ የተረፈው እጀታ

ሽኩር ኮሮና ሲይዘው ሱቁን እንዲጠብቅለት የጠራው ደመቀን ነው። ሌላ ማንን ይጠራል? ሁለቱ በድሬዳዋ ምድር ባቡር አንድ ሎኮሞቲቭ ላይ ሠርተዋል፤ ደመቀ ሾፌር፣ ሽኩር ረዳት። ደመቀ ታስሮ ሦስት ዓመት ስንቅ ያመላለሰለት ሽኩር ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግም ያስመጣው እሱ ነው።

ደመቀም ከሚኖርበት ከቶኮዛ ሰፈር ሱቁ ወዳለበት ወደ ቮስሎሩስ ሄዶ፣ ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ፣ በሱቁ የብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ዳቦና የሞባይል ኤርታይም ይሸጥ ጀመር። ሽኩር ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ተገልሎ ያስላል።

ቀትር ላይ ደመቀ ሾርባ ሊያደርስለት የጓሮውን በር መወርወሪያ ሳበ። እጁ ከዓይኑ ቀድሞ አወቀው። ዘራፊ የፈራው ሽኩር ከሳጥኑ ጠንካራ ብረት ፈልጎ በመወርወሪያ ፈንታ በሩ ላይ ሸጉጦ ነበር፤ ትኩሳቱ ሲነሳበት ምን እንደሸጎጠ ረሳ።

ሁለቱ የሠሩበት ሎኮሞቲቭ የሃምሳዎቹ ሥሪት፣ በናፍጣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ነበር፤ ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ ያገጣጥማል፣ ረጅም መንገድም ይጎትታል። የሶማሊያ ጦርነት ሲመጣ ከቡና ወደ ጥይት አዛወሩት። ወደፊትና ወደኋላ የሚያስኬደው እጀታ ተነቃይ ነው። ሾፌር ሲወርድ ይዞት ይወርዳል፤ ያለሱ ያ ሁሉ ብረት ንቅንቅ አይልም። ሾፌሮቹ እንዳይቀያየርባቸው በሞረድ ምልክት ያደርጉበታል። የደመቀ ምልክት አንድ እግሯ ያጠረ «ደ» ነበረች።

ጥይት ጭነው ወደ ግንባር ሊነሱ ሲሉ፣ ደመቀ ሙቀቱ ቢያስመርረው ኮቱን እጀታው ኪሱ ውስጥ እንዳለ ጋቢና ውስጥ ሰቅሎ ለጭነቱ ሊፈርም ወረደ። ሲመለስ ኮቱ እንጂ እጀታው የለም። ባቡሩ በቆመበት በመድፍ ተቃጠለ፤ ችሎትም እጀታውን ጥለሃል ብሎ ደመቀን አሰረው። የኮቱ ኪስ መቀደዱን ያሳየው ሽኩር ነበር። ደመቀም አርባ ሦስት ዓመት ያንን ቀዳዳ ሲረግም ኖረ።

አሁን ሾርባውን ሁለት ሜትር ርቆ አስቀመጠና እግሯ ያጠረ «ደ» የተሞረደችበትን ብረት ከፍ አደረገ።

ሽኩር በመስኮቱ አየው። ሳለ። ደመቀ ሳሉ እስኪያልቅ ጠበቀው።

«አቦ ደሜ፣ ያን ቀን ግንባር ብንሄድ ሁለታችንም ሞተን ነበር።»

«ይሆናል። ችሎት ላይ ለምን ዝም አልክ?»

«ብናገር ይረሽኑኝ ነበር። ላንተ ሦስት ዓመት ብቻ ነው የሰጡህ።»

«ብቻ?»

«ስንቅስ አላመላለስኩም?»

«አመላልሰሃል። እኔም ስመርቅህ ኖርኩ።»

ደመቀ ኮቱን ለበሰ። ለሽኩር ወንድም ልጅ ደውሎ መጥቶ ሱቁን እንዲረከብ ነገረው፤ እስኪመጣም ፍርግርጉን ዘጋ።

«ደሜ፣ የጓሮውን በር በምን ልዝጋው?»

«ደንቡን ታውቀዋለህ ሽኩሬ። ሾፌር ሲወርድ ይዞት ይወርዳል።»

መንገድ ላይ የእንቅስቃሴ ገደቡን የሚያስከብር ወታደር አስቆመው፤ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ወረቀቱን አየና ኪሱን ፈተሸ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ባባ?»

«የባቡር እጀታ።»

«ባቡሩስ?»

«ተቃጥሏል።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል?»

«እንዳልጣልኩት ያስረዳልኛል።»

«ለማን?»

ደመቀ አሰበ። ዳኛው ሞቷል። የጣቢያው ሹምም ሞቷል። ሚስቱ፣ «ቀዳዳ ኪስህን ስፊልኝ ሳትለኝ» እያለች ትወቅሰው የነበረችው፣ እሷም ሞታለች።

ወታደሩ ብረቱን መለሰለትና ማስኩን ከፍ እንዲያደርግ አዘዘው።