ጾም የማያውቀው ጉበት

በሮብ ገበያ ዙሪያ የጾም ወሬ ሲነሣ የአበባው ስም አብሮ ይነሣል። ሁዳዴ ከገባ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውኃ እንኳ በአፉ አይዞርም። ክፋቱ፣ ጾሞ ዝም አይልም። አምና ጎረቤቱ ደመላሽ በጾም ወተት በሻይ ሲጠጣ የታየ ጊዜ፣ አበባው ማኅበርተኛው ፊት አቁሞ፣ "እንደ ጥጃ ጡት መተው አቃተህ?" ብሎታል። ደመላሽ ያቺን ቃል አልረሳትም።

ዘንድሮ የጾሙ መጨረሻ ላይ አበባውን ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጨምደድ ያደርገው ጀመር። ሚስቱ ዘመናይ እየጎተተች ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሲስተር ነፊሳ የምትባል ነርስ በዓይኑ ቆብ ላይ ያለችውን ቢጫ እብጠት ትክ ብላ አየችና፣ "ጋሼ፣ ዛሬ እህል ቀምሰዋል?" አለችው።

"ልጄ፣ ከቅበላ ወዲህ የፍስክ መቼ ቀመስኩና!"

ደሙ ተቀዳ። ከሰዓት በኋላ ነፊሳ አስጠራቻቸው።

"ጋሼ፣ ኮሌስትሮልዎ በጣም ከፍ ብሏል።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"በደም ውስጥ የሚሄድ ቅባት ነው።"

ዘመናይ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። "የምን ቅባት?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"አንተ ያላወቅህ ማን ይወቅልህ? ደሙ ያንተ!"

ነፊሳ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት ዘመናይ ነጠላዋን አጣፍታ በሩን አልፋለች። አበባውም መድኃኒቱን ሳይቀበል ተከተላት።

ሚኒባስ ውስጥ ዘመናይ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መሰላት። "ደብረ ኤልያስ በሬ ልገዛ ብለህ ያደርክ ለት ነው፣ አይደል? በሬውንም ሳትገዛው መጣህ።"

"ቢወደድብኝ ነዋ!"

"ሌላውን በሬ በልተህ ጠግበህ ነዋ!"

ከፊት ወንበር ተቀምጦ የነበረው ደመላሽ ራሱ አልዞረም፤ ጆሮው ብቻ ወደ ኋላ የዞረ መሰለ። በማግስቱ አበባው ከቤቱ ሲወጣ አጥሩ ሥር ቆሞ ጠበቀው።

"እንዴት አደርህ፣ ጥጃው?"

አበባው እየሮጠ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ አባ ወልደ ሰንበት ሄደ። ወሬው ግን ቀድሞት ደርሶ ነበር።

"ልጄ፣ ሰው ይዋሻል፤ ደም ግን አይዋሽም" አሉት አባ።

"አባ፣ በመስቀልዎ! ከሽሮና ከተልባ በቀር በአፌ የዞረ የለም!"

"እንግዲያ ቅባቱ ከየት መጣ?"

"እሱን ለእርስዎ ብዬ መጣሁ እንጂ!"

"እኔ የነፍስ እንጂ የደም ነገር አላውቅም። ሄደህ የሚያውቀውን ጠይቅ። ነገሩ እስኪጠራ ግን የዳግም ትንሣኤውን ዳቦ ሌላ ሰው ይቁረሰው።"

አበባው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የማኅበሩን ዳቦ መቁረስ ከአባቱ የወረሰው ክብር ነው። ሌላ ሰው ቢላዋውን ከያዘ፣ አበባው ጾም ገደፈ ተብሎ ለልጅ ልጅ መወራቱ ነው።

ችግሩን የፈታችው ልጁ የኔአለም ናት። "ነርሷን ሳትሰሙ ወጥታችሁ እዚህ ትጣላላችሁ" ብላ ሁለቱንም ይዛ ደብረ ማርቆስ ተመለሰች። ደመላሽም ጥርሴን አመመኝ ብሎ አብሮ ተሳፈረ። አግዳሚው ላይ ከእነሱ አጠገብ ተቀምጦ አንዴ ቀኝ ጉንጩን፣ አንዴ ግራ ጉንጩን ይይዛል።

ነፊሳ ዘመናይ በሚገባት ቋንቋ ጀመረች። "በገበያ ቀን ቅቤ በቅጠል ተጠቅልሎ አይደል የሚመጣው? ቅባትም በደም ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው። ጉበት ደግሞ መንገድ ዳር እንደቆመ ነጋዴ እጁን እየዘረጋ ይቀበለዋል። የጋሼ ጉበት ግን ከጥንቱም እጁ ጥቂት ይመስለኛል። ያልተነሣው ቅቤ መንገዱን ሞላው።"

"ቅቤው ከየት መጣ ነው የእኔ ጥያቄ!" አለች ዘመናይ።

"ሰው ባይበላም ጉበት ራሱ ይሠራዋል።"

"በሁዳዴ?"

"በሁዳዴም።"

"በሕማማትም?"

"ጉበት ሕማማት አያውቅም፣ እናቴ።"

አበባው ብድግ አለ። "ሰማሽ! የገደፈው ጉበቴ ነው!"

"ጉበትህስ ያንተ አይደል?"

ነፊሳ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ የኔአለም ዞረች። እንዲህ ያለው ነገር ከወላጅ ሊወረስ ይችላልና ልጅቱም ትመርመር አለች።

"ጥሩ" አለች ዘመናይ። "ይቺ ልጅ በጾም ቅቤ የነካ ድስት እንኳ አታጥብም። የእሷ ደም ንጹሕ ከሆነ አንተ በልተሃል።"

የኔአለም ደሟን ሰጠች። አበባው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በልቡ ይለምን ጀመር፦ ከፍ ይበል፣ አምላኬ፣ ከፍ ይበልልኝ።

ነፊሳ ተመልሳ መጣች። "የእሷም ከፍ ያለ ነው።"

"ተመስገን!" አበባው ዘለለ። "ዳቦዬን! ደመላሽ፣ ሰማህ? ዳቦዬን!"

ደመላሽ ጉንጩን ለቀቀ። ያጨበጨበ ግን የለም።

"እንኳን ደስ ያለህ፣ አባዬ" አለች የኔአለም።

አበባው ያን ጊዜ ፊቷን አየ። በግራ ዓይኗ ቆብ ላይ ጤፍ የምታህል ቢጫ ነጥብ አለች። አባቱም ነበረችው፤ ሞፈሩን እንደጨበጠ እርሻው መሐል የወደቀው አባቱ። ያኔ ሰው ሁሉ ዓይን በላው ብሎ ነበር። የለመነው ምን እንደሆነ ገባውና ቁጭ አለ።

"መድኃኒት አለው?" አለ።

"አለው እንጂ፤ ቶሎ ነው የደረሳችሁት። ልጅቱን ሐኪም አይቶ ይወስንላታል፤ እርስዎ ግን ከዛሬ ጀምረው ክኒን ይውጣሉ። ክኒኑ ጉበቱ ቅባት መሥራቱን እንዲቀንስ ያደርገዋል። ሲጎድልበት ጊዜ ተጨማሪ እጅ አውጥቶ ከደም ይሰበስባል።"

አበባው አመነታ። "ጾም... አያስገድፍም?"

"ጋሼ፣ የገደፈው ጉበትዎ ነው። ክኒኑ እሱን ሊያስጾመው ነው።"

በዳግም ትንሣኤ አባ ወልደ ሰንበት ቢላዋውን ለአበባው ሰጡት። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለደመላሽ አቀበለው።

"ጥጃው ዛሬ ምክር የለውም?" አለ ደመላሽ።

"የለውም። ብላ።"

አንድ ማሰሮ ቅቤ በአጠገቡ ሲያልፍ አበባው በዓይኑ ሸኘው። ማታ ላይ ዘመናይ መብራቱን ልታጠፋ ስትል፣ ሐኪሙ ለእሷም ክኒን ያዘዘላት የኔአለም ከጓዳ ተጣራች።

"አባዬ፣ ጉበትህን አስጾምኸው?"

"አንቺ ቅደሚ" አላት፣ ክኒኑን መዳፉ ላይ ይዞ። "እስክትውጪ አልውጥም።"