ያመኑት አማች

በሰፈሩ የጋራ ወርክሾፕ ያለው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው የእንጨት መቁረጫ ማሽን ሲበላሽ አባላቱ ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ክረምቱን ሙሉ ተንበርክከው የጠገኑት አናጺውና የሚስቱ ወንድም ኤሌክትሪሺያኑ ነበሩ። አናጺው መቁረጫው የሚንሸራተትበትን የጎበጠ ሐዲድ አቃና፤ አማቹ አዲስ ሞተርና መቆጣጠሪያ ገጠመ።

«ጋሼ፣ የእጅ መዘውሮቹን ንቀላቸው፤ ከእንግዲህ ማን በእጅ ያሽከረክራል?» ብሎ አማቹ ሲመክረው አናጺው አምኖ ነቀላቸው።

ዛሬ የትምህርት ቤቱን ወንበሮች ሊቆርጥ ማሽኑን ቢያበራ፣ ስክሪኑ የማያውቀውን የይለፍ ቃል ጠየቀው። ለአማቹ ደወለ።

«ውይ ጋሼ፣ ለሶፋ ፋብሪካ አከራየሁት እኮ! ስትፈልግ ንገረኝ፣ ተራ እይዝልሃለሁ።»

«በጋራ ማሽን፣ ለእኔ ተራ?»

«ጭንቅላቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ሐዲዱንስ?»

አማቹ ሳቀ። «ሐዲድ ብቻውን ምን ሊቆርጥልህ ነው?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። አናጺው መፍቻ አንስቶ የሐዲዱን አንድ ቡሎን ፈታ። ሐዲዱ ግን የሰፈሩ ሁሉ ነበር፤ ቡሎኑን መልሶ አጠበቀው። ከዚያ አባላቱን አንድ በአንድ እየደወለ ለስብሰባ ጠራ። በመጨረሻ የደወለው ለሚስቱ ነበር፤ «አቤት» ስትለው የወንድሟን ነገር ከየት እንደሚጀምር ጠፋው።