በዘጠኝ ስም የታጠበ ቀለም

ዘኪያ ሰዓት አትወድም። የላብራቶሪው የግድግዳ ሰዓት ባትሪው ካለቀ አራት ዓመት ሆኖታል፤ እሷ ግን ይቀየርልኝ ብላ አታውቅም። ምን ሊሠራላት! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የባክቴሪያ ቀለም ያጠበችው በእህት ወንድሞቿ ስም እየቆጠረች ነው። እናቷ አመሻሽ ላይ ልጆቿን ከሜዳ በምትጠራበት ተራ፣ ሙንጂ፣ ሐሲባ፣ ጠይብ፣ ዙህራ፣ በሺር፣ ናጂያ፣ ለሚን፣ ማሕቡባ፣ ረሺድ እያለች አልኮሉን ስላይዱ ላይ ታንጠባጥባለች። ረሺድ ላይ ስትደርስ ውሃ ትለቅበታለች፤ አለቀ። በሜጀርዳ ወንዝ ዳርቻ ባሉት ከተሞች ሁሉ እንደሷ ጥርት ያለ ስላይድ የሚያወጣ የለም ይባል ነበር። ሰው ማለቱ ባልከፋ፤ እሷም አመነችው እንጂ!

ከሥሯ የምትሠራው እብቲሳም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ዘኪያ አጠገቧ አስቀምጣ ያስተማረቻትን እስከዛሬ ቃል በቃል ታስታውሰዋለች።

"ስሚኝ ልጄ፤ ባክቴሪያ ሁሉ ልብስ አለው። አንዳንዱ ወፍራም ቡርኑስ፣ የሱፍ ካባ፣ ይለብሳል። ስኳርና የፕሮቲን ቁርጥራጭ እየተቋጠረ የተሠራ መረብ ነው፤ በላይ በላዩ ተደራርቧል። ሌላውም ያው መረብ አለው፣ ግን ስስ ነው፣ እንደ ሸሚዝ። ከላዩ ደግሞ የስብ ካፖርት ይደርባል። ሐምራዊውን ቀለም ስታጠጫቸው ሁለቱም ይጠጣሉ። አዮዲን ስትጨምሪበት ቀለሙ ሆዳቸው ውስጥ ይጓጉላል። ከዚያ አልኮል! አልኮሉ ስቡን ያቀልጠዋል፤ ያ ባለሸሚዙ ቀለሙ ሁሉ ታጥቦ ይሄድና በኋላ ሮዝ ስትቀቢው ሮዝ ይሆናል። ባለቡርኑሱን ግን አልኮሉ ያደርቀዋል፤ መረቡ ይኮማተርና ቀለሙን ቆልፎ ያስቀረዋል። ሐምራዊ እንደሆነ ይቀራል።"

"አልኮሉ ቢበዛበትስ?" ብላ ጠይቃ ነበር እብቲሳም።

"ከበዛማ ቡርኑሱም አይችለውም፤ ይለቃል። እጅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤" አለችና ዘኪያ ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ አሳየቻት።

እንግዲህ አንድ ሐሙስ ጠዋት ዘኪያ ወደ መጋዘን ልትደውል ስልኩን ብታነሳ የማታውቀው ድምፅ መለሰላት። ሃያ ዓመት ሙሉ ያ ስልክ ሲነሳ የምትሰማው መብሩካን ነው። መብሩካ የሆስፒታሉ ስልክ አገናኝ ናት። በመግቢያው አዳራሽ፣ ከመስታወቱ ኋላ፣ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ትቀመጥና ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ የሁሉንም ድምፅ ለይታ ታውቃለች። ዘኪያ "አሎ" ብላ ሳትጨርስ፣ "ዛሬ ደግሞ ማን ላይ ልትጮኺ ነው? ላገናኝሽ!" ትላታለች። በመስታወቱ በኩል ሲያልፉ እንኳ ሳትዞር በሳላቸው ነው የምትለያቸው።

"መብሩካስ?" አለች ዘኪያ።

"ታማ ተኝታለች። ጎህ ሲቀድ ነው ባሏ ያመጣት። ማጅራት ገትር ሳይሆን አይቀርም እያሉ ነው።"

ስልኩን አስቀምጣ ሳትቀመጥ የመብሩካ የአከርካሪ ፈሳሽ በትንሽ ብልቃጥ ደረሰ። ጥርት ያለ ውሃ መምሰል ሲገባው እንደ ሩዝ ውሃ ደፍርሷል።

የዚያን ዕለት የአልኮሉ ጠርሙስ ባዶ ነበር። መጋዘኑ በምትኩ የላከው አሴቶን የተቀላቀለበትን ነው። እብቲሳም ከጠርሙሱ ጋር የመጣውን ወረቀት አነበበች። ዘኪያን ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ነው የምትላት።

"ኻልቲ ዘኪያ፣ ይሄ በጣም ፈጣን ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ብቻ ይላል። ለማንኛውም መቆጣጠሪያውን አብረን እንቀባው?"

መቆጣጠሪያ የሚሉት ማንነታቸው አስቀድሞ የታወቀ ሁለት ባክቴሪያዎች ያሉበት ስላይድ ነው፤ አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ ሮዝ ሆኖ መውጣት አለበት። ከሕመምተኛው ስላይድ ጎን ለጎን ይቀባል። ሐምራዊ መሆን ያለበት ሮዝ ከሆነ ጥፋቱ የቀቢው ነው ማለት ነው። ቢበዛ አሥር ደቂቃ ይወስዳል።

"መብሩካ በሞትና በሕይወት መካከል ሆና አንቺ ወረቀት ታነቢልኛለሽ?" አለች ዘኪያ። "አንቺ ጡት ሳትጥዪ እኔ ይሄንን ስቀባ ነበር። ዞር በይልኝ በሞቴ!"

እብቲሳም ዞር አለች። ዘኪያ ቀባች፣ አዮዲኑን ጨመረች፣ አጠበች። ሙንጂ፣ ሐሲባ፣ ጠይብ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረባት። እጇ ግን የለመደውን እንጂ የተነገረውን አይሰማም፤ ዙህራ፣ በሺር፣ ናጂያ እያለ ቀጠለ፤ ረሺድ ላይ ሲደርስ ነው ያቆመው። ስለ መብሩካ እየተጨነቀች ስለነበር ይባስ ብላ ስሞቹን ጎተት አድርጋ ነው የጠራቻቸው።

በማይክሮስኮፑ ስታይ አጫጭር ዘንጎች፣ ሮዝ። ወዲያው ለዶክተር ራዲ ደወለች።

"ሮዝ ዘንግ ነው፣ ዶክተር።"

"እርግጠኛ ነሽ? በልጅነቷ አምፒሲሊን አሳክኳት ያውቃል አሉኝ። ሐምራዊ ሊሆን ይችላል ብዬ ከጀመርኩላት ሴፍትሪያክሶን ላይ እሱንም ልጨምርላት ነበር። የማያስፈልግ ከሆነ ግን ልተወው።"

"ተወው! እኔ መቼ ተሳስቼ አውቃለሁ?"

ተወው። ዘኪያም መዝገቡን ከፈተችና መቆጣጠሪያ ከሚለው ሥር "ተሠርቷል፣ ትክክል" ብላ ጻፈች፤ ፈረመች። አሁን እጅ ይስታል፣ ሰው ነውና ይስታል፤ በዚህ አልፈርድባትም። ይሄ ግን መሳት አይደለም። ዐይኗን ገልጣ፣ ተረጋግታ፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈቷ ነው የዋሸችው።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ላይ እብቲሳም ሁለት ስላይድ ይዛ መጣች።

"ኻልቲ፣ ትላንት ምግብ ላይ የዘራነው ፈሳሽ አድሮ በቅሏል። ቀባሁት፤ ሐምራዊ ነው። ከትላንቱ ፈሳሽ የተረፈችም ነበረች፤ እሷን በሦስት ሰከንድ አጥቤ ቀባኋት።" ዐይኗን ወለሉ ላይ ጣለች። "እሷም ሐምራዊ ናት። ሊስቴሪያ ይመስለኛል። ጥሬ ወተት ላይ፣ አይብ ላይ የሚገኘው።"

ዘኪያ አየች። ደግማ አየች። ባለቡርኑስ ነው፣ ጥርት ያለ ሐምራዊ። ሊስቴሪያ ደግሞ ያንን ቡርኑሱን የሚሠራባቸውን እጆች ሴፍትሪያክሶን ሊይዛቸው አይችልም። አምፒሲሊን ነው የሚይዛቸው። በመብሩካ ደም ሥር እንግዲህ ከትላንት ጀምሮ ሲገባ የዋለውና ያደረው ውሃ ነው ማለት ይቻላል። "ተወው!" ያለችው ደግሞ ማን ነበረች?

ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ስልኩ ከእጇ አንድ ክንድ አይርቅም። አነሳች? አላነሳችም! ትላንት ያልሠራችውን መቆጣጠሪያ ዛሬ አወጣችና በአዲሱ ፈሳሽ እስከ ረሺድ ቆጥራ አጠበችው። ሁለቱም ሮዝ ሆኑ። ምናልባት ቀለሙ አርጅቶ ይሆናል ብላ ሌላ ቀለም ከፈተች፤ ሮዝ። ምናልባት ስላይዱ ይሆናል ብላ ሦስተኛ ቀባች። ከራሷ ሌላ ጥፋተኛ ፍለጋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቧንቧው ሥር ቆመች። መብሩካ አንድ ፎቅ በላይ ተኝታለች።

"ኻልቲ፣ ልደውል?" አለች እብቲሳም ከበሩ።

"እኔ እደውላለሁ አልኩሽ!"

ለአራት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ ደወለች። "ዶክተር፣ የበቀለው ሐምራዊ ነው። ሊስቴሪያ። ትላንት ፈሳሹ ላይ የነበረው ትንሽ ስለነበር አታለለን። አሁኑኑ አምፒሲሊን።"

አታለለን አለች። እብቲሳምንም ጨምራ፣ ባክቴሪያውንም ከስሳ። ዶክተር ራዲም፣ "ኧረ ጎበዝ ነሽ፤ ሌላ ቢሆን እስከ ነገም አይደርስበት፤" አላት።

መብሩካ በዘጠነኛው ቀን ነቃች። ባሏን አወቀችው፣ ውሃ ጠየቀች። ከዚያ፣ "ምን ያንሾካሹካችኋል? ጮክ በሉ እንጂ!" አለች። ጮክ አሉ። የበለጠ ጮክ አሉ። ጆሮዋ ተዘግቷል፤ ሁለቱም። ከሐሙስ እስከ ዓርብ የነበረው መዘግየት ነው ወይስ በሽታው ሲጀምርም ነክቶት ነበር፣ ዶክተር ራዲም ማወቅ አልቻለም። በዘኪያ አእምሮ ግን የመብሩካን ጆሮ የዘጉት እነዚያ ሁለት ሰዓታት ናቸው፤ ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች።

በወሩ የመብሩካ ባል ሻዝሊ አንድ ትሪ መቅሩድ፣ በማር የተነከረ ጣፋጭ፣ ተሸክሞ ላብራቶሪ መጣ። የረጅም መንገድ ታክሲ ነጂ ነው፤ ትልቅ ሰውዬ፣ ከበሩ ጎንበስ ብሎ የሚገባ።

"የት አለች እህቴ ዘኪያ?" አለና በሁሉም ፊት ግንባሯን ሳማት። "ዶክተሩ ነግሮኛል፤ ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ወላሂ ባለቤቴን የመለስሽልኝ አንቺ ነሽ። ጆሮውስ ይቅር፤ ነፍሷ አለች፣ አልሐምዱሊላህ! ብሉ፣ ብሉ እንጂ! የቴምር ነው።"

ዘኪያ አንዱን አንስታ ጎረሰች። ሻዝሊ ሁሉንም እያቀፈ ተሰናብቶ ወጣ። ዞር ብትል እብቲሳም የደረሳትን መቅሩድ ሳትነካው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች።

"ምነው፣ አትበይም?"

"አልዋጥ ይለኛል፣ ኻልቲ።" ልጅቱ ተሳልቃ አይደለም፤ እንባዋ መጥቶ ነበር። "መዝገቡን አይቼዋለሁ። ዛሬ ይናገራሉ፣ ነገ ይናገራሉ እያልኩ ስጠብቅዎ ነበር።"

ዘኪያ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ እየሮጠች ወጣች። ሻዝሊን መኪናው ውስጥ ሞተር ሲያስነሳ ደረሰችበት። በመስኮቱ በኩል ሁሉንም ነገረችው፤ ያልተሠራውን መቆጣጠሪያ፣ የመዝገቡን ውሸት፣ "ተወው" ያለችውን፣ ሁለቱን ሰዓት። እያለቀሰች ነው የነገረችው፣ ግን አንድም አላስቀረችም። ሻዝሊ ሞተሩን አጠፋ። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ፊት ነው የሚያየው።

"ግንባርሽን ስሜ መጣሁ እኮ፤" አለ በመጨረሻ።

"ያውቃሉ፣ ጌታው ሻዝሊ፣ እኔ..."

"ለኔ አትንገሪኝ። ጆሮው የኔ አይደለም። ለሷ ንገሪያት። አትሰማሽም፤ ስለዚህ ጻፊላት። መጻፉን እንደሆነ ታውቂበታለሽ።"

ዘኪያ በማግስቱ ለዶክተር ራዲና ለዳይሬክተሩ ጻፈች። ከኃላፊነቷ ተነሣች፤ ምርመራው ገና እየተጣራ ነው። ያ ቀላሉ ነበር። ለመብሩካ የሚሆነውን ግን ስድስት ጊዜ ጽፋ ስድስት ጊዜ ቀደደችው። "አልኮሉ ስለተቀየረ" የሚል እየገባባት፣ "ስለ አንቺ ተጨንቄ" የሚል እየገባባት። ሰባተኛው ላይ አምስት መስመር ብቻ ቀረ።

ሰኞ ዕለት መብሩካ ዕቃዋን ልትወስድ መጥታለች አሉ። የማይሰማ ሰው ስልክ አያገናኝም፤ ወደ ፋይል ክፍል ተዛውራለች። ዘኪያ ወደ መግቢያው አዳራሽ ወረደች። ካርድ ለማውጣት የተሰለፈው ሕዝብ እስከ በሩ ደርሷል። መብሩካ እንደ ድሮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ከመስታወቱ ኋላ ዕቃዋን ከመሳቢያ ትለቅማለች።

"መብሩካ፤" አለች ዘኪያ። አልዞረችም። "መብሩካ!" ሳለች ደግሞ፤ ያንን ሃያ ዓመት የምታውቀውን ሳል። አልዞረችም። ሃያ ዓመት ሙሉ ዞራ አታውቅም ነበር፤ መዞር ስለማያስፈልጋት።

ዘኪያ በጎኑ በር ገብታ ትከሻዋን ነካቻት። መብሩካ ስታያት ፊቷ ፈካ። "ዘኪያ!" ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋን መመጠን አልቻለችምና አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ዘኪያ ወረቀቱን ዘረጋችላት። መብሩካ መነጽሯን አደረገች፣ ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አኖረች፣ ማንበብ ጀመረች። ጮክ ብላ ነው የምታነበው፤ ጮክ ማለቷን ግን አታውቀውም።

"ሐሙስ ያንቺን ፈሳሽ የቀባሁት እኔ ነኝ!" ሰልፉ ጸጥ አለ። "አጥፍቼ ቀባሁት፤ መቆጣጠሪያም ሳልሠራ፣ ሠርቻለሁ ብዬ ጻፍኩ!"

የዘኪያ እጅ በራሱ ተነሣ፤ ቀስ በይ ልትላት፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ልታደርግላት። ግማሽ መንገድ ሲደርስ መለሰችው። ሁለቱንም እጆቿን ከጀርባዋ ያዘቻቸው።

"በኔ ቃል የማይሆን መድኃኒት ተሰጠሽ! ዓርብ ጠዋት ባወቅሁ ጊዜ አፍሬ ሁለት ሰዓት ዘገየሁ! ዘኪያ!"

ስሟ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ አስተጋባ። ዘበኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ካርድ ክፍሉ፣ ሁሉም ሰምቷል። አንዲት አሮጊት ከሰልፉ፣ "ያ ረቢ!" ስትል ተሰማች። ያልሰማችው መብሩካ ብቻ ናት። ወረቀቱን ደግማ በዐይኗ ብቻ አነበበችው። ፍካቱ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። አጣጥፋ ከዕቃዋ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ሻዝሊ ያውቃል?" አለች።

ዘኪያ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

መብሩካ መሳቢያውን ገፍታ ዘጋችው፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ልትወጣ በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች። አልተሳደበችም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አላለች።

"ከእንግዲህ ስትፈልጊኝ ከኋላዬ አትጥሪኝ፤" አለች፣ ከፍ ባለው ድምፅዋ፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ። "ዙሪና ፊት ለፊቴ ቁሚ።"